ብርጭቆ ወረቀቱ ወይስ ፓዱ? የባሕር ዳር አናጺዎች ክርክር

በባሕር ዳር የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች የውይይት መድረክ ላይ ሰሞኑን ረጅም ክርክር ያስነሣውን ጥያቄ ያቀረበው ሽንብጥ አካባቢ የቤት ዕቃ የሚሠራ ወጣት ነው። ባለ 125 ሚሊ ሜትር ኦርቢታል ሳንደር አለው፤ ይህም ፓድ በሚባል ክብ የስፖንጅ መቀመጫ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ተለጥፎበት እንጨት የሚያለሰልስ የኤሌክትሪክ ማሽን ነው። በዚሁ ማሽን የዋንዛ ጠረጴዛ ሲያለሰልስ፣ ክቡ ብርጭቆ ወረቀት ሥራው በተጀመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከፓዱ እየተላቀቀ አንድ ጊዜ ወደ ግድግዳው፣ ሌላ ጊዜ ወደ እግሩ ሥር እንደሚበርበት፣ ከተለያዩ ሱቆች እያማረጠ ቢገዛም ለውጥ እንዳላገኘ አስረዳ። ገበያ ላይ ያለው ወረቀት ሁሉ ጀርባው የማይረባ መሆኑን እንደተረጋገጠ ነገር ቆጥሮም፣ የደኅና ወረቀት ስም እንዲነገረው ጠየቀ።

ምላሾቹን በየቁጥራቸው እተርካለሁ፤ ሰላምታና ምስጋና ብቻ የያዙትን ግን አልፌያቸዋለሁ።

ምላሽ 1፦ የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና የጠያቂውን ሐሳብ ደገፈ። ከወረቀቱ ጀርባ ያለው ጉር፣ ማለትም መንጠቆ የሚይዘው ጠጉር መሰል ክር፣ ስስ ከሆነ፣ ወረቀቱ ተነቅሎ በተለጠፈ ቁጥር ጉሩ እየተመለጠ እንደሚሄድና የፓዱ መንጠቆዎች የሚይዙት ነገር እንደሚያጡ ገለጸ። ስለዚህ ጥቅጥቅ ያለ ጉር ያለውን መርጦ መግዛት ይሻላል የሚል ምክር ሰጠ። ከፊሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጠያቂው ገና ከፖስታው የወጣ አዲስ ወረቀትም እንደሚበርበት ተናግሮ ስለነበር ምክሩ ችግሩን አልደረሰበትም።

ምላሽ 2፦ ሁለተኛው ከዚህ ሁሉ ጣጣ በማስቲሽ መገላገል እንደሚቻል አስታወቀ። የወረቀቱን ጀርባና የፓዱን ፊት በስሱ ቀብቶ፣ በጣት ሲነካ እስከማይዝ ድረስ አቆይቶ መጫን ብቻ ነው፤ እርሱ ራሱ እንዲህ እያደረገ ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር እንደሚሠራ ጻፈ። ወረቀቱ ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ ግን አልጻፈም፤ በኋላ ብዙ ሰው የመጣበትም በዚሁ በኩል ነው።

ምላሽ 3፦ ሦስተኛው የአንድ አዛውንት አናጺ ምላሽ ነው። እርሳቸው ጠያቂውን ልጄ ብለው ከጠሩት በኋላ፣ አንዳች ነገር ከመግዛቱ በፊት ሳንደሩን ከሶኬት ነቅሎ እንዲገለብጠውና የፓዱን ፊት በቀን ብርሃን እንዲያየው ነገሩት። የፓዱ ፊት በጥቃቅን የፕላስቲክ መንጠቆዎች የተሸፈነ ነው፤ ጤነኛ ከሆነ ጣት ሲያልፍበት ይቧጥጣል። ጠርዙ አካባቢ ጣት የሚያንሸራትት ከሆነ ግን መንጠቆዎቹ ቀልጠዋል ማለት ነው፤ የቀለጠ መንጠቆ ደግሞ ከየትም አገር የመጣ ወረቀት ቢሰጡት አይዝም። ሰው ፓዱን የማሽኑ አካል አድርጎ ስለሚቆጥረው እንጂ፣ እንደ ወረቀቱ ሁሉ የሚያልቅና የሚቀየር ነገር መሆኑንም አከሉ። በመጨረሻም የስልኩን ካሜራ አቅርቦ ፎቶ አንሥቶ እንዲያሳያቸው ጠየቁት።

ምላሽ 4፦ ጠያቂው በዚያው ምሽት ፎቶውን ለጠፈ። መሀሉ ላይ፣ በአቧራ መሳቢያ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ፣ መንጠቆዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ በመካከላቸው የደቀቀ የዋንዛ ብናኝ ተጠቅጥቋል፤ ከተነቀሉ ወረቀቶች የቀረ ነጭ ጉርም እዚህና እዚያ ተጠላልፏል። ከጠርዙ አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ያለው ክፍል ግን በፍጹም አይመሳሰልም። መንጠቆዎቹ ወደ አንድ ጎን ተኝተዋል፤ ጫፋቸው ተድቦልቡሏል፤ ፊቱ ብርሃን ሲያርፍበት ያብረቀርቃል፤ በአንድ በኩልማ እስከ ስፖንጁ ድረስ ተልጧል። ከፎቶው በታች ጠያቂው የጻፈው፣ ወረቀቱም ቢሆን ከነቀፋ እንደማይድን ነበር።

ምላሽ 5፦ በፖሊ (በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም) የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪ መሆኑን የገለጸ አንድ ወጣት የሙቀቱን ነገር አብራራ። መንጠቆዎቹ ከናይሎን ወይም ከሌላ ፕላስቲክ እንደሚሠሩ፣ ናይሎን 6 የሚባለው ዓይነት በ220 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እንደሚቀልጥ፣ ከዚያ አስቀድሞም ለስልሶ ቅርጹን እንደሚለቅ ጻፈ። ሳንደሩ ሲጫኑት ወረቀቱ በፓዱ ላይ በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ ስለሚንሸራተት፣ ሙቀቱ የሚፈጠረው እንጨቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በመንጠቆውና በጉሩ መካከልም ነው። እስከዚህ ድረስ የሚነቀፍ ነገር አልነበረውም። ቀጥሎ ግን ወደ ስሌት ገባ፦ የማሽኑ ፍጥነት በደቂቃ 12,000 ከሆነ፣ የ125 ሚሊ ሜትር ፓድ ጠርዝ በሴኮንድ 78 ሜትር፣ በሰዓት ሲመነዘር 280 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚከንፍ ወረቀቱ መብረሩ እንደማያስገርም ደመደመ።

ምላሽ 6፦ የኤሌክትሪክ ማሽን በመጠገን የሚተዳደር ሰው ይህን ሲያነብ አልታገሠም። 12,000 የተባለው ማሽኑ ፓዱን በሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ስፋት የሚያወዛውዝበት ቁጥር እንጂ ፓዱ በራሱ ዙሪያ የሚሽከረከርበት ቁጥር አለመሆኑን፣ በፓዱ ጎን ላይ በእርሳስ አንድ መስመር አስምሮ ሳንደሩን እንጨት ላይ ያስነሣ ማንም ሰው መስመሩ ቀስ ብሎ ሲዞር በዓይኑ እንደሚያይ ጻፈ፤ መማር ማሽን ከመፍታት እንደማያድን የሚያሳይ ጎምዛዛ ቃልም ጣል አደረገ። ቃሉ ባይጣል ይሻል ነበር፤ ከቃሉ በኋላ የመጣው ማብራሪያ ግን በውይይቱ ውስጥ ከተጻፉት ሁሉ የሚጠቅመኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ፓዱ በኩሽኔታ (ዙረትን በሚያቀልል የብረት ኳስ ቀለበት) ላይ ስለተቀመጠ በነጻ ይዞራል። እንጨት ላይ ሲያርፍ እንጨቱ ይይዘዋል፤ ከእንጨቱ ሲነሣ ግን የሚይዘው ስለሌለ ኩሽኔታው እየጎተተ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ሊያስተካክለው ይሞክራል። ይህን ለመከላከል ብዙ ሳንደሮች ከአካላቸው ሥር የፓዱን ጀርባ የሚነካ የጎማ ቀለበት ፍሬን አላቸው። ቀለበቱ ሲያልቅ ወይም ሲሰነጠቅ ፓዱ አየር ላይ እንደ እንዝርት ይሽከረከራል፤ በዚያ ፍጥነት እንጨት ላይ ሲያሳርፉት እንጨቱ ወረቀቱን በድንገት ይይዛል፤ ፓዱ ደግሞ መሽከርከሩን ይቀጥላል። ወረቀቱ የሚላቀቀው በዚያች ቅጽበት ነው።

ምላሽ 7፦ ተማሪው አጭር መልስ ሰጠ፤ ያሰላው ፍሬኑ ያለቀበትን ማሽን መሆኑን፣ ጠጋኙ በራሱ አንደበት ያንኑ እንዳረጋገጠለት ጻፈ። በምላሽ 5 ስለ ፍሬን የተጻፈ አንድም ቃል ስላልነበረ ይህ አባባል ብዙዎችን አላሳመነም። ሆኖም የጠርዙ ፍጥነት ስሌት ፍሬን ለሌለው ፓድ ከእውነት አይርቅም።

ምላሽ 8 እና 9፦ ልብስ ሰፊ የሆነች አንዲት እኅት፣ በመንጠቆና በጉር የሚያያዘው የልብስ ማሰሪያ፣ የቬልክሮ ባለ መንጠቆው ጎን፣ በሜትር እንደሚሸጥ፣ ቆርጦ በፓዱ ላይ በመለጠፍ ብዙ ወጪ ማዳን እንደሚቻል ጠቆመች። በምላሽ 6 የተቆጣው ጠጋኝ ለእርሷ የመለሰው በለዘበ አነጋገር ነበር። የልብስ ቬልክሮ መንጠቆው ረጅምና የተራራቀ ስለሆነ የወረቀቱን አጭር ጉር በደንብ እንደማይዝ፣ በጥብጣብ መልክ ሲለጠፍም መጋጠሚያው ላይ የሚፈጠረው ጉብታ በእንጨቱ ላይ ምልክት እንደሚተው አስረዳት። ፓዱ ስፖንጁ ጤነኛ ከሆነ፣ ጀርባው ሙጫ ያለው ክብ የመንጠቆ ፊት ለብቻው እንደሚሸጥና የተሻለው መንገድ እርሱ መሆኑን ጨመረ። አሮጌው ፊት ተልጦ፣ ስፖንጁ ከአቧራና ከቅባት ጸድቶ ካልተለጠፈ ግን በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ይነሣል።

ምላሽ 10 እና 11፦ እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ጭጎጎት ዞረ። አንዱ ቬልክሮን የፈጠረው የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ጆርጅ ደ ሜስትራል በ1941 እ.ኤ.አ. ከአደን ሲመለስ በልብሱና በውሻው ጠጉር ላይ የተጣበቀውን የዱር ፍሬ በማይክሮስኮፕ አይቶ መነሣቱን፣ የአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1955 እ.ኤ.አ. መሆኑን ተረከ። ሌላው በልጅነቱ ከብት ሲጠብቅ ጋቢው ላይ የተሰካውን ጭጎጎት ሲለቅም ያመሸ ሁሉ ይህን መፍጠር ይችል ነበር ብሎ ተቆጨ። ዝርዝሩ ደስ የሚል ቢሆንም ወደ ሳንደሩ የመለሰን ሰው አልነበረም።

ምላሽ 12፣ 13 እና 14፦ ውይይቱ የከረረው በእነዚህ ሦስት ምላሾች ነው። አንድ አባል ለሳንደር ገንዘብ ማውጣት ከንቱ መሆኑን፣ እርሱ በ115 ሚሊ ሜትር ግራይንደር (የብረት መቁረጫና መሞረጃ ማሽን) ላይ የቬልክሮ ጎማ አስሮ ከማንም የፈጠነ ሥራ እንደሚሠራ ጻፈ። ጠጋኙ ተመልሶ መጣ። ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል የሚዞረው በእውነት መሆኑን፣ እዚያ ላይ የተማሪው የስሌት መንገድ በቀጥታ እንደሚሠራ፣ ከዚያ ፍጥነት ላይ የሚበር ወረቀት ዓይን እንደሚያጠፋ አስጠነቀቀ። ዋንዛውንም ክብ ክብ እየጫረ እንደሚያቃጥለውና ቫርኒሽ ሲቀባ ጭረቱ ሁሉ ገሃድ እንደሚወጣ አከለ። ባለ ግራይንደሩ ደንበኞቹ ቅሬታ አቅርበው እንደማያውቁ በቁጣ መለሰ፤ ከዚያ በኋላ የተለዋወጡት ቃል ለእንጨት የሚጠቅም ስላልነበረ አስተባባሪዎቹ ከፊሉን አነሡት። በፍርዴ ጠጋኙ በፍሬ ነገሩ ትክክል ነበር። የ125 ሚሊ ሜትር ወረቀት በ115 ጎማ ላይ መለጠፍም በባለ ግራይንደሩ ፎቶ ላይ ይታይ ስለነበር፣ ዙሪያውን ትርፍ የወጣው ጠርዝ ጥግ ሲነካ ተጠልፎ እንደሚቀደድ ሌሎች ሁለት ሰዎች አስታወሱት።

ምላሽ 16፦ ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ ሰው የሚያመላልሱ ጀልባዎችን የሚጠግን አንድ ሰው የፋይበር ግላስ አካል ሲያለሰልስ ያየውን አካፈለ። የጀልባ ጎን ቀጥ ያለ ስላልሆነ ጠንካራ ፓድ የሚነካው በጠርዙ ብቻ ነው፤ ጫናው ሁሉ ጠርዙ ላይ ስለሚያርፍም መንጠቆው የሚቀልጠው ከዚያው ይጀምራል። እርሱ በፓዱና በወረቀቱ መካከል በአንድ በኩል ጉር፣ በሌላው በኩል መንጠቆ ያለው ስስ የስፖንጅ መደረቢያ ያስገባል። መደረቢያው ለጎባጣ ፊት ይታጠፋል፤ ከሁሉ በላይ ግን በየቀኑ የሚለጠፈውና የሚነቀለው እርሱ ስለሆነ፣ የሚያልቀውም ከዋናው ፓድ ይልቅ እርሱ ነው። ሐይቁ ዳር ውኃ ቅርብ ስለሆነ እያረጠቡ ማለስለስ የሚያምራቸው እንዳሉ ጠቅሶም፣ በ220 ቮልት የሚሠራ ሳንደር ይዞ ውኃ መንካት ሞት መጥራት ስለሆነ እርጥቡን ሥራ ሁልጊዜ በእጁ እንደሚሠራው ገለጸ።

ምላሽ 17፦ አሮጌ በሮችንና ሳጥኖችን የሚያድስ ባለሙያ እስከዚህ ድረስ ማንም ያላነሣውን ምክንያት አነሣ። ጽድ ሙጫ አለው፤ አሮጌ ቫርኒሽም ሲሞቅ ይለሰልሳል። ሁለቱም በወረቀቱ አሸዋ መካከል እየገቡ ይደርቃሉ፤ በዚህ ጊዜ ወረቀቱ መቁረጡን ትቶ ማሸት ይጀምራል። ሠራተኛው ሥራው አልሄድ ሲለው ይጫናል፤ ሲጫን ይሞቃል፤ ሲሞቅ መንጠቆው ይተኛል። ስለዚህ ወረቀቱ ሲበር ያለቀለት ፓዱ ነው፤ ፓዱን የጨረሰው ግን ከቀናት በፊት መጣል ሲገባው ያልተጣለው ያለቀ ወረቀት ነው። ጠያቂው ወረቀቶቹን እስከ ምን ድረስ እንደሚሠራባቸው እንዲነግረውም ጠየቀ። እኔም ከውይይቱ ሁሉ የያዝኩት ይህንን ነው፤ ቀሪው ምክር ሁሉ በዚህ ላይ የሚጨመር ነው።

ምላሽ 18፦ ጠያቂው ይህ አላስደሰተውም። በባሕር ዳር አንድ ክብ ወረቀት በየጠረጴዛው መጣል የሚችል ወርክሾፕ ካለ አድራሻውን እንዲነግሩት፣ እርሱ አንዱን ወረቀት ፊቱ እስኪያብረቀርቅ ድረስ እንደሚሠራበት፣ ይህንንም የሚያደርገው ቸግሮት እንጂ ሳያውቅ አለመሆኑን በምሬት ጻፈ።

ምላሽ 19፦ የምላሽ 17 ጸሐፊ መልሱን በእርጋታ ሰጠ። ወረቀት በየሱቁ ይገኛል፤ ፓድ ግን እዚህ ሲታጣ ከመርካቶ አስፈልጎ በአውቶቡስ ማስመጣት ግድ ነው፤ ዋጋውም ከብዙ ወረቀት ዋጋ ይበልጣል። ባለ 80 ቁጥሩ ሻካራ ወረቀት (ቁጥሩ ሲጨምር አሸዋው እየደቀቀ ይሄዳል) ሲደነዝዝ በላዩ መጫን ወረቀቱን አያድነውም፤ ይልቁንም ደንዝዞ የቀረውን በእጅ ለሚለሰልሱ ጠባብ ቦታዎች ማቆየት ይቻላል። ሙጫ የሞላውን ወረቀት ደግሞ የጫማ ሶል በሚመስል የጥሬ ጎማ ቁራጭ ማሽኑ እየሠራ ማጽዳት ዕድሜውን እንደሚያረዝመው ነገረው። ከ80 ወደ 120፣ ከዚያም ወደ 180 ደረጃ ሳይዘሉ መሄድም ያው ቁጠባ ነው፤ በ180 የ80ን ጭረት ለማጥፋት የሚታገል ሰው ሳይጫን ስለማይቀር።

ምላሽ 20 እና 21፦ አንዱ ማታ ማታ የመብራቱ ኃይል ሲወርድ ሞተሩ ስለሚዳከም ሠራተኛው ሳያስበው እንደሚጫን ጠቆመ፤ እንደ እርሱ አስተያየት በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ መሥራት ይሻላል። ሌላው ክረምት ላይ የሐይቁ ዳር እርጥበት የወረቀቱን ጀርባ እንደሚያጥፈው፣ የታጠፈ ወረቀት ጠርዙ ከፓዱ ተነሥቶ ስለሚጀምር ለመብረር የተዘጋጀ መሆኑን አስታወሰ፤ መፍትሔውም ወረቀቶቹን በፕላስቲክ ጠቅልሎ በሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎች መካከል ክብደት ጭኖ ማስቀመጥ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ለዚህ ጠያቂ ግን ዋናው ምክንያት እነዚህ አይመስሉኝም።

ምላሽ 23፦ የማስቲሹ ሰው ዘግይቶ ተመለሰ። ሁሉም የሳቀበትን መንገድ ፋብሪካዎች ራሳቸው እንደሚጠቀሙበት፣ ጀርባቸው በሙጫ የተቀባ ክብ ወረቀቶች እንዳሉ ተከራከረ። እውነቱን ነው፤ አሉ። ነገር ግን እነርሱ የሚለጠፉት ፊቱ ለስላሳ በሆነ ለእነርሱ በተሠራ ፓድ ላይ ነው፤ ከዚያ ላይ ያለቀው በቀላሉ ተልጦ ይነሣል። በመንጠቆ ላይ የፈሰሰ ማስቲሽ ግን መንጠቆውን ደፍኖ ይደርቃል፤ ወረቀቱን ለመንቀል ሲታገሉም ስፖንጁ አብሮ ይቀደዳል፤ በቤንዚን ወይም በቲነር ላጽዳው ያለ ሰው ደግሞ ሙጫውን ብቻ ሳይሆን ስፖንጁንም ሊያበላሸው ይችላል። ይህን ያስረዱት ሦስት ሰዎች ሲሆኑ፣ አንዱ ጉዳዩን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን በሚለው ተረት ጠቅልሎታል። የማስቲሹ ሰው ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

ምላሽ 24፦ አዛውንቱ አናጺ እንደገና ገቡና ስለ እጅ ጻፉ። ሳንደር የራሱ ክብደት አለው፤ እጅ የሚያስፈልገው ለመምራት ነው። ክንድን ሳይጭኑ፣ ጠርዙን ሳያዘነብሉ፣ በሴኮንድ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ እያንቀሳቀሱ መሄድ በቂ ነው። ማሽኑ የሚበራው እንጨቱ ላይ ካረፈ በኋላ ነው፤ አየር ላይ አብርተው ከላይ የሚጥሉት ሰዎች ወረቀቱን ራሳቸው እንደወረወሩት ይቆጠራል። የወረቀቱ ቀዳዳዎች ከፓዱ ቀዳዳዎች ጋር መግጠም አለባቸው፤ ካልገጠሙ ሰጋቱራው መውጫ አጥቶ ከወረቀቱ ሥር ይከማቻል፤ አየሩ ስለማያልፍም ፓዱ ይግላል። ሥራ ሲያበቃ ወረቀቱን ነቅሎ ፓዱን ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ የጋለ ፓድ ወረቀቱ ተለጥፎበት በራሱ ክብደት ተጭኖ ሲቀር መንጠቆው ተኝቶ ይደርቃልና። በመንጠቆዎቹ መካከል የተጠቀጠቀውን ብናኝ በኮምፕሬሰር ነፍቶ፣ የተጠላለፈውን ጉር በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ማስወገድን አዘዙ። ጠያቂው ለዚህኛው ምላሽ የሰጠው መልስ አመሰግናለሁ አባቴ የሚል ብቻ ነበር፤ ስለ ወረቀቱ ጀርባ ከዚያ ወዲህ አላነሣም።

ምላሽ 26፦ ጠያቂው ከአንድ ሱቅ ያገኘው አዲስ ፓድ ስፋቱ 125 ሆኖ ሳለ በማሽኑ ላይ አልገጥም እንዳለው ገለጸ። የእርሱ ሳንደር ፓዱን የሚይዘው በሦስት ቪቴ ነው፤ የተሸጠለት ግን ባለ አራት ነው።

ምላሽ 27፦ ጠጋኙ ስፋት ብቻ ጠይቆ ፓድ መግዛት እንደማይቻል ዘረዘረለት። ቪቴዎቹ ስንት እንደሆኑና ከመሀል ምን ያህል እንደሚርቁ በካሊፐር መለካት፣ የአቧራ ቀዳዳዎቹን መቁጠር፣ ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ አሮጌውን ፓድ ፈትቶ ይዞ መሄድ ነው። ካቻቢቴው በገባበት ጊዜ የፍሬን ቀለበቱን አውጥቶ እንዲመረምረውም ነገረው፤ ቀለበቱ የሚነካበት ቦታ ተበልቶ መስመር ካወጣ አብሮ ይቀየራል።

ምላሽ 28፦ አንድ አዲስ አባል የ125 ፓድ ካልተገኘ የ150ውን ማሰር ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ጠጋኙ እንደማይቻል መለሰ፤ በማሽኑ ውስጥ ያለው ማመጣጠኛ ክብደት የተመደበው ለፓዱ ክብደት ስለሆነ፣ ከበድ ያለ ፓድ ሲታሰር ማሽኑ እጅ እስኪያደነዝዝ ይንቀጠቀጣል፤ ኩሽኔታውም ቶሎ ይበላል።